በ104 ዲግሪ ፋራናይት ለባስ ዓሣ የትኛውን ማታለያ ልወርውር?

ጥያቄው ከጋርላንድ፣ ቴክሳስ የመጣ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው። «ጋሼ፣ ዓሣ ማጥመድ የጀመርኩት ዘንድሮ በሚያዝያ ነው። ያኔ ሬይ ሃባርድ ሐይቅ ዳር ቆሜ በአንድ ስፒነርቤይት (ሲጎተት የሚሽከረከር የብረት ቅጠል ያለው ማታለያ) ብቻ ባስ በባስ ሆኜ ነበር። አሁን ነሐሴ ነው፤ ከሰዓት በኋላ 104 ዲግሪ፣ ማለትም 40 ሴልሺየስ ይገባል። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆሜ አንድም የነካኝ የለም። ሱቅ ሄጄ የ140 ዶላር ማታለያ ገዛሁ፤ ያው ነው። በዚህ ሙቀት የትኛውን ልጠቀም? ደግሞ አንድ ጓደኛዬ በሚመጣው ሳምንት በጀልባው ሌክ ፎርክ የሚባል ሐይቅ ሊወስደኝ ነው። ለዚያስ ምን ልያዝ?»

ወንድሜ፣ ለ140 ዶላሩ አትዘን። እኔ በመጀመሪያው ሰመር ያጠፋሁት ከዚያ ይበልጣል። ግማሹ እስካሁን ከነማሸጊያው ጋራዥ ውስጥ ተንጠልጥሏል። ሱቅ ግድግዳ ላይ የሚያብለጨልጨው ነገር አብዛኛው ቀለም የተቀባው ለኛ ዓይን ነው፤ ዓሣው ግድ የለውም። ከዚያ ወዲህ ግን አሥራ አራት ዓመት በዚህ ሐሩር ሰው በጀልባ እየያዝኩ ሳስጠምድ ኖሬአለሁ። የገባኝን ልንገርህ።

ለቸኮለ ሰው መልሱ አጭር ነው። ጎህ ሲቀድ ውሃው ፊት ላይ የሚሄድ ማታለያ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚወርድ የፕላስቲክ ትል። ጀልባ ላይ ከሆንክ ደግሞ ጠልቆ የሚገባ ክራንክቤይትና ረጅም ትል። በቃ፣ አራት ነገር ነው። ግን አራቱንም ይዘህ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ያው ቦታ ብትቆም ያው ባዶ እጅህን ትመለሳለህ። ያስቸገረህ መጀመሪያ ሰዓቱ ነው። ቀጥሎ ቦታው ነው። ማታለያው ሦስተኛ ነው የሚመጣው።

በነገራችን ላይ ባስ ስል ላርጅማውዝ የሚባለውን፣ ያንን አፈ ሰፊውን ማለቴ ነው። እናቴን በስልክ «ነገ ሌሊት ተነስቼ ባስ ልይዝ ነው» ስላት «በዚያ ሌሊት ወዴት ልትሄድ?» ብላ ደንግጣ ነበር።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ብዙ ሰው «ሲሞቅ ዓሣ አይበላም» ይላል። እንደዚያ አይደለም። የዓሣ ሰውነት የሚሞቀውም የሚቀዘቅዘውም ከውሃው ጋር ነው። ውሃው ሲሞቅ ባስ የበላውን ቶሎ ይፈጫል፣ ቶሎም ይርበዋል። ውሃው 80 ፋራናይት፣ ማለትም 27 ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን እንዲያውም ይመቸዋል፤ በደንብ የሚያድገውም ያኔ ነው። ነሐሴ ላይ ግን የሐይቁ ፊት 88፣ 90 ይገባል። ጥልቀት የሌለው ዳር ደግሞ ከዚያም ያልፋል። እዚህ ላይ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ሞቃት ውሃ ብዙ ኦክስጅን አይዝም። 10 ሴልሺየስ ላይ ያለ ውሃ በሊትር 11 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል። 30 ላይ ሲደርስ ግን ከሰባት ተኩል ብዙም አያልፍም። ዓሣው ብዙ መተንፈስ በሚያስፈልገው ሰዓት የሚተነፍሰው ነገር ያንሰዋል ማለት ነው።

ስለዚህ ባስ የድሬዳዋ ሰው ይሆናል። ጠዋት በጊዜ ገበያውን ይጨርሳል። ቀትር ላይ ጥላ ውስጥ ገብቶ ጋደም ይላል። ማታ ነፈስ ሲል ይወጣል። አንተ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ በሩን ያንኳኳኸው በእንቅልፍ ሰዓቱ ነው።

ሚያዝያ ላይ ስፒነርቤይትህ ለምን ሠራ? ያኔ ባስ እንቁላል ሊጥል ዳር ይወጣል። አጠገቡ ያለፈውን ሁሉ ይነክሳል። አሁን ያ ጊዜ አልፏል። ስፒነርቤይቱ አልተበላሸም፣ አስቀምጠው። ማታ ላይ እንመለስበታለን።

ከዳር ስለምታጠምድ ከዚያ ልጀምር። ሬይ ሃባርድ ላይ መኪናህን አቁመህ ውሃው ጋ መድረስ ያለብህ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጎህ ሲቀድ አይደለም፣ ከዚያ በፊት። የምትሄደው ደግሞ ጥልቅ ውሃ ዳሩ ድረስ ወደሚጠጋበት ቦታ ነው። በድልድዮችና በግድቡ ጥግ የተደለደለው ድንጋይ ለዚህ ጥሩ ነው። አሸዋማውንና ልጆች የሚንቦጫረቁበትን ዳር ተወው። ድንጋዩ ላይ ስትረግጥ ባትሪ ያዝ። እዚህ አገር የውሃ እባብ ድንጋይ ይወዳል፤ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የተባለው ለኛ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ጠዋት እንዴት እንደነበር ላሳይህ። ነሐሴ አጋማሽ ነው፣ ሰማዩ ገና አመድ ይመስላል። ሌሊቱን ሁሉ ሳይቀዘቅዝ ያደረ ሙቀት ሸሚዜን ከጀርባዬ አጣብቆታል። ድንጋዩ ጥግ ጥግ ሻድ ይርመሰመሳል። ሻድ ማለት ብርማ ትንሽ ዓሣ ናት፣ የሰርዲን ዘመድ፤ ለባስ እንጀራው ናት። ውሃው ላይ ካፊያ የጣለ ይመስላል፣ ጠብ ጠብ ጠብ። ድንገት አንድ ቦታ ላይ ጧ! አለ። የሻዱ መንጋ እንደተበተነ ሳንቲም ወደ ላይ ዘለለ። እኔ የወረወርኩት ጧ ወዳለበት ቦታ አይደለም። ከድንጋዩ ጋር ትይዩ፣ ከዳር አንድ ሜትር ያህል ርቄ፣ ከቦታው አሳልፌ ነው። ማታለያው ሲጋራ የሚመስለው፣ ውሃ ላይ ግራ ቀኝ እያለ የሚንሸራተተው ነው፤ ዛራ ስፑክ የሚባለው በዚህ ዓይነት የታወቀ ነው። ክሩን ላላ አድርጌ የዘንጉን ጫፍ ወደ ታች፣ ቶክ ቶክ ቶክ። አምስተኛው ላይ ውሃው ተከፈተ። እኔም እንደ ጀማሪ ስፕላሹን ሳይ ጎተትኩ። ማታለያው በጆሮዬ በኩል አልፎ ከኋላዬ ድንጋይ ላይ ተንጋጋ።

ከዚህ አንድ ነገር ያዝ። ዓይንህ ሲያይ አትጎትት፤ እጅህ ክብደት ሲሰማው ጎትት። መካከሉ አንድ ሰከንድ ብትሆን ነው፣ ግን የዓመት ትዕግሥት ትጠይቃለች። ያን ጠዋት ሁለተኛው ውርወራ ላይ አራት ፓውንድ ገደማ የሆነች አወጣሁ፣ ከዚያ ሁለት ትንንሾች። ፀሐይዋ ድንጋዩን ስትነካ ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። ከመጀመሪያው «ጧ!» እስከ መጨረሻው ሠላሳ አምስት ደቂቃ አይሞላም። አራት ሰዓት ላይ የሚደርስ ሰው ያቺን ሐይቅ አይቶ «ዓሣ የለባትም» ቢል አልፈርድበትም።

መጠኑንም ልብ በል። ዘንድሮ የተፈለፈለው ሻድ ነሐሴ ላይ ገና ሁለት ሦስት ኢንች ነው። ባሱ እየተከተለ የማይነክስ ከሆነ ማታለያህ ከሚበላው ነገር በልጧል ማለት ነው፤ ወደ ሦስት ኢንች አውርደው። ውሃው መስታወት ከሆነ ፖፐር ይሻላል፣ ያ አፉ ጎድጎድ ያለው፣ ስትነካው ፏ የሚለው። ሁለቴ ፏ አድርገህ ዝም በል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመታው ዝም ስትል ነው። ነፋስ ካለ ትልቁንና ድምፅ ያለውን ስጠው።

ነፋስ ካልን አይቀር፣ ሰው ነፋስ የሌለበትን ዳር ይመርጣል፤ ለመወርወር ይመቻላ። ሰመር ላይ ተቃራኒውን አድርግ። ነፋሱ የሚመታው ዳር ውሃው ይናጣል፣ ኦክስጅንም ይጨምራል። ተንሳፋፊው ረቂቅ ነገር ወደዚያ ይገፋል፣ ሻዱ ይከተለዋል፣ ባሱ ሻዱን ይከተላል። ዳላስ አካባቢ የሰመር ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ነው። ስለዚህ ማዕበሉ የሚያርፍበትን ሰሜናዊውን ዳር ፈልግ።

ስለ ንጋት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ይህን ብዙ ሰው አይነግርህም። የምትሄደው በሣር የታፈነች ትንሽ ኩሬ ከሆነ፣ ጎህ እንዲያውም ክፉ ሰዓት ሊሆን ይችላል። የውሃ ሣር ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌሊት ግን ራሱ ይጠቀመዋል። ስለዚህ ኦክስጅኑ ከሁሉ የሚያንሰው ሊነጋ ሲል ነው። እንደዚህ ያለ ኩሬ ላይ ፀሐይ ወጥታ ሁለት ሰዓት ያህል እስኪያልፍ ብትጠብቅ ሳይሻል አይቀርም። ሬይ ሃባርድን የመሰለ ትልቅና ነፋስ የሚንጠው ሐይቅ ላይ ይህ አያሳስብህም።

ፀሐይ ወጣች። ከዚህ በኋላ ጥላ አደን ነው። የድልድይ ምሰሶ፣ የጀልባ ማሰሪያ መድረክ፣ ውሃ ላይ ያዘነበለ ዛፍ። ጥላው ይዞራል፣ አንተም አብረህ ዙር። እዚህ ላይ የምመርጥልህ ሴንኮን ነው። ጌሪ ያማሞቶ የሠራው ትል ነው፤ ቅርጹን ያገኘው ከቢክ እስክሪብቶ ነው ይባላል፣ እውነትም ይመስላል። እግር የለው፣ ጅራት የለው። ስታየው ትስቃለህ። ውስጡ ግን ጨው ስለበዛበት ያለ እርሳስ ራሱ ይሰምጣል፤ ሲሰምጥ ደግሞ ሁለት ጫፉ ይርገበገባል። መንጠቆውን ወገቡ ላይ መሀል ለመሀል ትሰካዋለህ። ጥላው ውስጥ ጥልቅ አድርገህ ትወረውርና እጅህን ትሰበስባለህ። ምንም አታድርግ። ክሩን ብቻ እይ። ክሩ ወደ ጎን ከሄደ ወይም መድረስ ካለበት በፊት ከቆመ አፉ ውስጥ ገብቷል።

ለምን ይሠራል ብትለኝ፣ የጠገበ ሰው አስብ። ተነስቶ ማዕድ አይቀርብም። ከተኛበት አፉ ላይ ቆሎ ብትጥልለት ግን ያኝካል።

እስከ አምስት ሰዓት ይህን ሞክርና ወደ ቤትህ ሂድ። ቁም ነገሬን ነው። ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ከዳር ማጥመድ ለራስህም ደግ አይደለም። እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት «አንድ ልወርውር፣ አንድ ልጨምር» ስል እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ላቤ ቆመ፣ መኪናዬን የት እንዳቆምኩ ጠፋኝ። አንድ የማላውቀው ሰው በረዶ አንገቴ ላይ አድርጎ ነው ያተረፈኝ። በዚያ ሙቀት ላብህ ከቆመ ቀልድ አይደለም። ዘንጉን ጥለህ ጥላና ቀዝቃዛ ነገር ፈልግ፣ ራስህን ማወቅ ካቃተህም አምቡላንስ ይጠራልህ።

ማታ ተመለስ። ከቻልክ ሌሊት። ሌሊት ሥራ የምትሠራ ከሆነማ ዕድለኛ ነህ፣ ስትወጣ በቀጥታ። በጨለማ ባስ በዓይኑ ብቻ አይደለም የሚያድነው። በጎኑ ላይ ባለው መስመር የውሃውን እንቅስቃሴ ይሰማል። ስለዚህ የሚያብረቀርቅ ነገር ከንቱ ነው፤ የሚያንቀጠቅጥ ነገር ነው የሚፈለገው። ያ ስፒነርቤይትህ እዚህ ይመጣል። ጥቁር ቀሚስ ያለው፣ አንድ ትልቅ ክብ ቅጠል ያለው። ቀስ አድርገህ ጎትተው፣ ቅጠሉ ሲዞር ዘንጉ ላይ ዱብ ዱብ እስኪልህ ድረስ። ጥቁር ማታለያ በጥቁር ሌሊት ምን ይታያል ትለኝ ይሆናል። ዓሣው ከታች ሆኖ ወደ ሰማይ ነው የሚያየው። ጥቁር ነገር ሰማዩ ላይ ጥርት ብሎ ይወጣል።

አሁን ሌክ ፎርክ። እሱ ሌላ ዓለም ነው። ግድቡ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ሲሞላ ብዙ ዛፍ ሳይቆረጥ ስለቀረ ሐይቁ ውስጥ ገና ጫካ አለ። የቴክሳስ የላርጅማውዝ ሪከርድ፣ 18.18 ፓውንድ፣ የወጣው ከዚያው ነው፤ በጃንዋሪ 1992። በጃንዋሪ መሆኑን አትርሳ፣ በነሐሴ እሱን እጠብቃለሁ ብለህ አትሂድ።

ጀልባ ሲኖርህ ትልቁ ጥቅም ጥልቀት ነው። ግን ጥልቅ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ሰመር ላይ ሐይቅ እንደ ተደራረበ እንጀራ ነው። ላይኛው ሞቃት፣ ታችኛው ቀዝቃዛ፣ መካከላቸው ውሃው በድንገት የሚቀዘቅዝበት ስስ ድንበር። ዋኝተህ ከሆነ እግርህ ድንገት ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ታውቀዋለህ። በዚህ አካባቢ ሐይቆች ድንበሩ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 25 ጫማ መካከል ነው። ቀዝቃዛው ይሻለዋል ብለህ ከድንበሩ በታች እንዳትወርድ። እዚያ ታች የሚበሰብሰው ነገር ኦክስጅኑን ጨርሶታል፣ ከላይ ደግሞ አዲስ አይወርድለትም። ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ባዶ ቤት ነው። የጓደኛህ የዓሣ መፈለጊያ ስክሪን ላይ ድንበሩ እንደ ስስ ጉም ተዘርግቶ ይታያል። ጉሙ 20 ጫማ ላይ ከሆነ 30 ጫማ ላይ የምታባክነው ጊዜ የለም። ከእሱ በላይ ብቻ ነው የምታጠምደው።

ከዚያ ጉሙ ከመሬት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ትፈልጋላችሁ። በውሃ የተዋጠ የድሮ መንገድ፣ የጅረት ቦይ ጫፍ፣ ውሃ ውስጥ ያለ ጉብታ። ጉቶ ካለበት እሰየው። ነሐሴ ላይ ባስ እንዲህ ያለ ቦታ በመንጋ ይሰበሰባል። አምስት ሄክታር ባዶ ሆኖ አንድ የመኪና ማቆሚያ የምታህል ቦታ ላይ ሃያ ዓሣ ሊኖር ይችላል። በስክሪኑ ሁለት ሰዓት መፈለግ አሰልቺ ነው። ጓደኛህ ይነጫነጫል፣ ይነጫነጭ። ሳይፈልጉ ከመወርወር ይሻላል።

ስታገኙ መጀመሪያ ጠልቆ የሚገባውን ክራንክቤይት ስጡት። ከአገጩ ሰፊ የፕላስቲክ ምላስ የወጣለት፣ ስትስበው ወደ ታች የሚቆፍረው ነው። ምርጫው በቀለም ሳይሆን በጥልቀት ነው። ራፓላ ዲቲ በሚባለው ክራንክቤይት ላይ የተጻፈው ቁጥር ራሱ ጥልቀቱ ነው፤ 10 ካለ 10 ጫማ፣ 16 ካለ 16 ጫማ። ዓሣው 14 ጫማ ላይ ከሆነ 16ቱን አንሳ። ምክንያቱም መሬቱን መምታት አለበት። ጭቃውን እያረሰ፣ ጉቶውን ገጭቶ ወደ ጎን ሲፈናጠር ነው ባስ ሳያስብ የሚነክሰው። ምንም ሳይነካ ከተመለሰ ውርወራው ከንቱ ነው። ክርህ ደግሞ ቀጭን ይሁን፣ 10 ወይም 12 ፓውንድ የሚሸከም፣ ፍሎሮካርቦን የሚባለው ዓይነት። ወፍራም ክር ውሃው ስለሚይዘው ማታለያው የተጻፈለትን ጥልቀት አይደርስም። የተቻለህን ያህል አርቀህ ወርውር። ትከሻህ ማታ ያማል፤ ነግሬሃለሁ።

መንጋው በክራንክቤይት አንድ ሁለት ሦስት ከሰጠ በኋላ ዝም ይላል። አልሄደም፣ ነቅቶብሃል። ያኔ ትሉ ይመጣል። አሥር ኢንች የሚሆን፣ እንደ ፕለም የጠቆረ ሐምራዊ። በቴክሳስ ሪግ ታስረዋለህ፦ ጥይት የሚመስል እርሳስ ከፊት፣ መንጠቆው ጫፉ ተመልሶ ፕላስቲኩ ውስጥ የተቀበረ። እንደዚያ ሆኖ ጉቶ መሀል ቢገባም አይያዝም። የምትሄድበት አካባቢ ለዚህ ትል አገሩ ነው ማለት ይቻላል። ኒክ ክሬም የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1949 ኦሃዮ ውስጥ የፕላስቲክ ትል ሠራ፤ ኋላም ሥራው ወደ ታይለር፣ ቴክሳስ ተዛወረ፣ ከሌክ ፎርክ ሩቅ ሳይሆን። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ልጅ ሆኜ እውነተኛ ትል በጣሳ ይዤ ቆሮሶ ስጠብቅ፣ ሰው የጎማ ትል ይገዛል ብትለኝ ኖሮ እብድ ነህ እልህ ነበር።

አጎታተቱ ዘገምተኛ ነው። ዘንጉን ከፍ፣ ትሉ ጉቶውን ታክኮ ወደቀ፣ ቆይ። ቆይ። የባስ ንክሻ እዚህ «ቲክ» ነው፣ ጣት እንደመንካት። አንዳንዴ ምንም አይሰማህም፣ ክሩ ብቻ ይከብዳል። ያኔ ነው መጎተት።

ትሉም ካልሠራ ቀጥ ብሎ ከጀልባው ሥር የሚወርድ ትልቅ ማንኪያ አለ፣ አምስት ኢንች የሚያህል። እየተወዛወዘ ሲወርድ የሚሞት ሻድ ይመስላል። ጉቶ የበዛበት ቦታ ግን መንጠቆው ስለተገለጠ ብዙ ታጣለህ። ለአንድ ቀን ሁለት ይበቃሃል።

ጠልቆ መሥራት ካታከታችሁ ሌላ መንገድ አለ። የሊሊ ቅጠልና የውሃ ሣር ውሃው ላይ ምንጣፍ ሆኖ የተነጠፈበትን ፈልጉ። ከላይ ፀሐይ አናት ይበሳል፣ ከሥሩ ጥላ ነው። ቀን ሣሩ ራሱ ኦክስጅን ይሰጣል፣ ብሉጊል የሚባሉት ትንንሽ ዓሦችም ተሸሽገው ይኖራሉ። ቀትር ላይ ጥልቀት በሌለው ውሃ ትልቅ ባስ የምታገኝበት ብቸኛ ቦታ ይህ ነው ብል አላጋነንኩም። እዚህ የሚሄደው ሆዱ ባዶ የሆነው የጎማ እንቁራሪት ነው። መንጠቆው ወደ ጀርባው ስለታጠፈ ሣሩ ላይ እየዘለለ ያልፋል። ክር ግን 50 ወይም 65 ፓውንድ የተጠለፈ ብሬድ ይሁን፤ ባሱን ከነሣሩ ነው ጎትተህ የምታወጣው። ሲመታው አሁንም ያችን አንድ ሰከንድ አትርሳ።

ስለ ቀለም ብዙ ይጠየቃል፣ ብዙም የሚባል የለውም። ውሃው ጥርት ያለ ከሆነ አረንጓዴ ቡናማ። ሬይ ሃባርድ ብዙ ጊዜ ድፍርስ ነው፣ እዚያ ጥቁርና ሰማያዊ ድብልቅ። ሻድ ላይ ከሆኑ ነጭና ብር። ከዚህ ያለፈው የሱቁ ትርፍ ነው።

የገዛኸውን 140 ዶላር ግን ከሙቀቱ አድን። የፕላስቲክ ትል መኪና ውስጥ አታሳድር። በዚህ ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጡ ከ55 ሴልሺየስ ያልፋል። እኔ አንዴ ከነሐሴ ቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ትቼው ሳጥኑን ስከፍት ሃያ ትል አንድ ጎማ ሆኖ አገኘሁት፣ እንደ ቀዘቀዘ ገንፎ ተቆርጦ የሚወጣ። ከዚህ ሌላ፣ ኢላዝቴክ የተባለው የሚለጠጠው ፕላስቲክ ከተራው ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ከገባ ሙቀትም ሳያስፈልገው ይያያዛል። ሁሉንም በመጣበት ከረጢት ተው።

ዓሣውንም እንዲሁ። የምትለቀው ከሆነ በዚህ ሙቀት ጨዋታ የለም። ቶሎ አውጣው፣ እጅህን አርጥበህ ያዘው፣ የጋለ ድንጋይ ላይ አታስተኛው። ፎቶ ለመነሳት ስትይዘው አንተም ትንፋሽህን ያዝ፤ አንተን ሲጨንቅህ እሱን ከጨነቀው ቆይቷል። የምትበላው ከሆነ ወዲያው በረዶ ውስጥ። ሌክ ፎርክ ላይ ደግሞ ከ16 ኢንች በላይና ከ24 ኢንች በታች የሆነውን ባስ ማስቀረት ክልክል ነው፣ ይለቀቃል። ከዚያ በታች ያለውን ማስቀረት ትችላለህ፤ 24 እና ከዚያ በላይ የሆነ ግን በቀን አንድ ብቻ። ሬይ ሃባርድ ላይ ማስቀረት የሚቻለው ትንሹ 14 ኢንች ነው። መለኪያ ይዘህ ሂድ፣ በዓይን አይለካም።

ፈቃድህንም አውጥተህ እየው። የቴክሳስ የዓሣ ፈቃድ በዓመቱ መጨረሻ ሳይሆን አብዛኛው ኦገስት 31 ላይ ነው የሚያበቃው። ሚያዝያ ላይ የገዛኸው አራት ወር ከግማሽ ብቻ አገልግሎ ሊያልቅ ነው። ጓደኛህ የፎርኩን ጉዞ ወደ ሴፕቴምበር ከገፋው አዲስ ግዛ። በሚመጣው ሳምንት ከሆነ ደግሞ ማታውኑ ተነስታችሁ መንገዱን በጨለማ ጨርሱት። ጀልባዋ ውሃ ላይ የምትሆነው ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ይሁን። የመጀመሪያውን ሰዓት በስፑኩ ዳር ዳሩን አጥምዱ፣ ከዚያ ወደ ጥልቁ ውጡ።